የሆድ ዕቃ ካንሰር ሲጀምር አያምም

ብዙ ሰው ካንሰር ቢይዘኝ ያመኛል ብሎ ያስባል። ሆዱን ካልቆረጠው፣ ከአልጋ ካላዋለው፣ ከባድ ነገር አለብኝ አይልም። ሆድ ዕቃ ግን እንደ ቆዳ አይሰማውም። የጨጓራና የአንጀት ውስጠኛ ሽፋን ቢቆረጥም ቢቃጠልም ሕመም የለውም፤ በኢንዶስኮፒ (ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ) ናሙና ሲወሰድ ወይም ፖሊፕ (ከሽፋኑ ላይ የበቀለ ትርፍ ሥጋ) ሲቆረጥ ታካሚው የማይሰማው ለዚህ ነው። አንጀት የሚያመው ሲወጠር፣ ሲዘጋ ወይም ደም ሲያጥረው ነው። ጉበትም የሚያመው የሸፈነው ስስ ሽፋን ሲለጠጥ ነው። ስለዚህ ሕመሙ እስኪመጣ ድረስ ዕጢው ብዙ ጊዜ መንገድ ዘግቷል፣ አለዚያም ግድግዳውን አልፎ ወደ ጎረቤት አካል ተሻግሯል።

ከሕመም የሚቀድመው የልማድ ለውጥ ነው፦ የአዋዋጥ፣ የአጠጋገብ፣ የዓይነ ምድር፣ የሽንት ቀለም፣ የክብደት፣ የደም መጠን። ለውጡን የሚያይ አይጠፋም፤ ቶሎ ሌላ ስም ስለሚሰጠው ነው የሚታለፈው። «ኪንታሮት ነው»፣ «ጨጓራዬ ተነሥቶ ነው»፣ «ድካም ነው»፣ «ዕድሜ ነው»። አስቸጋሪው ነገር ደግሞ ስሙ አብዛኛውን ጊዜ ትክክል መሆኑ ነው። እዚህ የምጽፈው እነዚህ ስሞች መቼ እንደማይበቁ ነው።

«ኪንታሮት ነው»

የኪንታሮት ደም ደማቅ ቀይ ነው። ከዓይነ ምድሩ ጋር አይደባለቅም፤ ወረቀት ላይ ይታያል ወይም ከተጸዳዱ በኋላ ጠብ ጠብ ይላል። የፊንጢጣ መሰንጠቅ ከሆነ ደግሞ ዓይነ ምድሩ ሲወጣ ኃይለኛ የመቁረጥ ሕመም አለው። ደሙ ከዓይነ ምድሩ ጋር ተደባልቆ፣ ጠቆር ብሎ፣ ንፍጥ የመሰለ ዝልግልግ ነገር ይዞ ከመጣ ምንጩ ከፍ ያለ ቦታ ነው። እስከዚህ ድረስ ብዙ ሰው ያውቃል። የሚረሳው ከፊንጢጣ ጥቂት ሴንቲሜትር ከፍ ብሎ የተቀመጠ ዕጢም ደማቅ ቀይ ደም እንደሚያደማ ነው። ቀለም ብቻውን አይለይም። ኪንታሮት በጣም የተለመደ ስለሆነ ኪንታሮትና ካንሰር አንድ ሰው ላይ አብረው ሊገኙ ይችላሉ፤ ኪንታሮቱ መታየቱ ደሙ ከእሱ እንደሚመጣ አያረጋግጥም።

ሐኪሙ ጓንት አድርጎ በጣቱ የሚያደርገው ምርመራ ከፊንጢጣ ወደ ላይ 7 ወይም 8 ሴንቲሜትር ያህል ይደርሳል፤ አንድ ደቂቃ አይፈጅም፤ ዝቅ ብለው የተቀመጡ ብዙ ዕጢዎችን ያገኛል። ታካሚው ያፍራል፣ ሐኪሙ ይቸኩላል፣ ምርመራው ይዘለላል። ማንም በጣቱም በመሣሪያም ሳይመረምር «ኪንታሮት ነው» ተብሎ ቅባት የታዘዘለት ሰው የያዘው ግምት እንጂ ምርመራ አይደለም። ሳይፈሩ መጠየቅ ይገባል።

ሌላው ምልክት ተጸዳድቶ ሲነሡ ያላለቀ ነገር ያለ መስሎ መሰማቱ ነው። ተመልሰው ሲቀመጡ የሚወጣው ትንሽ ንፍጥና ደም ብቻ ይሆናል። አንጀቱ ዕጢውን ራሱን እንደ ዓይነ ምድር ቆጥሮ ሊያስወጣው ይሞክራል። ይህ ብዙ ጊዜ አሜባ ይባልና ሜትሮኒዳዞል ይታዘዝለታል። አሜባ ከሆነ መድኃኒቱ ሲወሰድ በቀናት ውስጥ ይሻሻላል። አንድ ዙር በትክክል ተወስዶ ካልተሻለ፣ ወይም ተሽሎ ወዲያው ከተመለሰ፣ ሁለተኛና ሦስተኛ ዙር መደጋገም ጊዜ ማባከን ነው፤ አንጀቱ መታየት አለበት።

ዕጢው የት እንደተቀመጠ ምልክቱን ይለውጠዋል። ትልቁ አንጀት በግምት አንድ ሜትር ተኩል ይረዝማል። በቀኝ በኩል ያለው ክፍል ሰፊ ነው፤ በውስጡ የሚያልፈውም ገና ፈሳሽ ነው። እዚያ ያለ ዕጢ መንገድ ሳይዘጋ ያድጋል፤ የዓይነ ምድሩ ልማድም ላይለወጥ ይችላል። በግራ በኩል አንጀቱ ይጠብባል፣ የሚያልፈውም ጠጣር ነው፤ ስለዚህ ድርቀት ይመጣል፤ ከዚያ ከመጥበቡ ኋላ የተጠራቀመው ፈሳሽ ሾልኮ ሲያልፍ ተቅማጥ ይሆናል፤ ከዚያ እንደገና ድርቀት። ይህ መፈራረቅ፣ ወይም ዓይነ ምድሩ በተከታታይ ቀጭን መሆኑ፣ ከ3 ሳምንት በላይ ከቆየ መመርመር ይገባዋል። አንድ ቀን ቀጭን ቢሆን ምንም ማለት አይደለም። ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ተቅማጥ ግን በጭንቀት ከሚባባሰው የአንጀት ችግር የሚለይ ነገር ነው፤ ያኛው ብዙውን ጊዜ ሌሊት ያስተኛል።

ዕድሜ ትንሽ መሆኑ ዋስትና አይሆንም። ከ50 ዓመት በታች ባሉ ሰዎች ላይ የትልቁ አንጀት ካንሰር በብዙ አገሮች እየጨመረ በመምጣቱ፣ በአሜሪካ ያለ ምልክት ምርመራ የሚጀመርበት ዕድሜ እ.ኤ.አ. በ2021 ከ50 ወደ 45 ዝቅ ተደርጓል። የ30 ዓመት ሰው ደም ሲያይ ብዙ ጊዜ «ገና ልጅ ነህ» ይባልና ወራት ያልፋሉ። ጊዜው በደንብ ቢያዝ ግን ይህ በሽታ ከሌሎቹ የተሻለ ዕድል ይሰጣል፤ አብዛኛው ከፖሊፕ ይነሣል፣ ፖሊፑ ካንሰር እስኪሆንም 10 ዓመት ገደማ ይወስዳል። በዚያ መሃል ፖሊፑ ተቆርጦ ከወጣ ካንሰሩ ከነጭራሹ አይፈጠርም።

«ደም ማነስ ነው፣ አይረን ይውሰዱ»

ከሁሉም ምልክቶች አብዝቶ የሚባክነው ይህ ይመስለኛል፤ ስለዚህ ሒሳቡን ላስረዳ። ሰውነት ከምግብ በቀን የሚወስደው ብረት ከ1 እስከ 2 ሚሊግራም ነው። አንድ ሚሊሊትር ደም ግማሽ ሚሊግራም ያህል ብረት ይይዛል። በቀን 5 ሚሊሊትር፣ ማለትም አንድ የሻይ ማንኪያ ደም ወደ አንጀቱ የሚያፈስ ሰው 2.5 ሚሊግራም ብረት ያጣል፤ ከሚያስገባው ይበልጣል። ይህን ያህል ደም ከዓይነ ምድር ጋር ተደባልቆ ሲወጣ በዓይን አይታይም። ወር በገባና በወጣ ቁጥር የተከማቸው ብረት ያልቃል፤ ሰውየው ደረጃ ሲወጣ ይደክመዋል፣ ልቡ ይመታል፣ ገጹ ይገረጣል። በቀኝ በኩል ያለ የአንጀት ዕጢና የጨጓራ ዕጢ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚታወቁት በዚህ ነው።

በዓለም ጤና ድርጅት መለኪያ መሠረት ሄሞግሎቢን በወንድ ከ13፣ ነፍሰ ጡር ባልሆነች ሴት ከ12 ግራም በዴሲሊትር በታች ሲሆን ደም ማነስ ይባላል። ቀጥሎ የሚጠየቀው የቀይ ደም ሴሎች መጠን ነው፤ ኤም ሲ ቪ የሚባለው ቁጥር ከ80 በታች ከሆነ ሴሎቹ አንሰዋል፣ የብረት እጥረትም ይጠረጠራል። ፌሪቲን የተከማቸውን ብረት ያሳያል፤ ዝቅ ካለ ነገሩ ተረጋገጠ። ነገር ግን ሰውነት ውስጥ ብግነት ወይም ኢንፌክሽን ካለ ፌሪቲን ያለ አግባብ ከፍ ይላል፤ «ኖርማል ነው» ተብሎ መታለፍ የለበትም።

ስሕተቱ አይረን መስጠቱ አይደለም። አይረን ይሰጥ፤ ደሙ የት ሄደ የሚለው ግን ሳይጠየቅ አይቅር። ክኒኑ ቁጥሩን ያስተካክላል፣ ድካሙ ይቀላል፣ ዕጢው በሰላም ያድጋል። ወንድ ከሆነ፣ ወይም የወር አበባዋ የቆመ ሴት ከሆነች፣ የብረት እጥረት ደም ማነስ ግልጽ ምክንያት ካልተገኘለት ጨጓራውም ትልቁ አንጀቱም በመሣሪያ መታየት አለባቸው። የወር አበባ በምታይ ሴት ላይ ዋናው ምክንያት ብዙ ጊዜ የወር አበባው ነው፤ ከደም ማነሱ ጋር የአንጀት ልማድ ለውጥ፣ የክብደት መቀነስ ወይም በቤተሰብ ካንሰር ካለ ግን ለእሷም ያው ነው።

ጥቁር ዓይነ ምድር ሲታይ ሁለት ነገር አይምታታ። ከጨጓራ የፈሰሰ ደም በመንገድ ተፈጭቶ ሲወጣ እንደ ሬንጅ ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ፣ የሚጣበቅ፣ ሽታው የተለየና ከባድ ይሆናል። የአይረን ክኒን የሚያጠቁረው ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ሲሆን አይጣበቅም፣ ያ ሽታም የለውም። ቢስሙዝ ያለባቸው የጨጓራ መድኃኒቶችም ያጠቁራሉ። ጥርጣሬ ካለ የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች ሁሉ ለሐኪሙ መንገር ነገሩን ያጠራዋል።

«ጨጓራ ነው»

የጨጓራ ካንሰር መጀመሪያ ላይ የራሱ ምልክት የለውም፤ የሚመጣው የጨጓራ በሽታን ልብስ ለብሶ ነው። ማቃጠል፣ ማቅለሽለሽ፣ ትንሽ በልቶ መጥገብ፣ ከበሉ በኋላ ለሰዓታት ሆድ ሞልቶ መቆየት። ስለዚህ ምልክቱን ብቻ ሳይሆን ባለ ምልክቱንና አብሮት የመጣውን ማየት ያስፈልጋል። ቀድሞ ጨጓራ የማያውቀው ሰው ከ55 ወይም ከ60 ዓመት በኋላ አዲስ የጀመረው ከሆነ፤ ክብደት ከቀነሰ፤ ማስመለስ ከደጋገመ፤ ደም ካስመለሰ ወይም ጥቁር ከተጸዳዳ፤ መዋጥ ከከበደው፤ ደም ማነስ ካለ፤ ወላጅ ወይም ወንድም እኅት የጨጓራ ካንሰር ከነበራቸው ክኒን አይቀድምም፤ ኢንዶስኮፒ ይቀድማል።

ክኒን አይቀድምም ያልኩበት ምክንያት አለ። እንደ ኦሜፕራዞል ያሉ አሲድ ቀናሾች የካንሰር ቁስልንም ስሜት ያስታግሣሉ፤ አንዳንዴ የላዩን ሽፋን እስከ መጠገን ይደርሳሉ። «መድኃኒቱ ተስማማኝ» ማለት ካንሰር አይደለም ማለት አይደለም። ለ4 እስከ 8 ሳምንት ተወስዶ ሲቆም የሚመለስ ሕመም፣ በየጊዜው ከመድኃኒት ቤት እየተገዛ የሚታፈን ከሆነ፣ ያለ ምርመራ የሚሄድ ነው።

ኤች ፓይሎሪ የተባለውን ባክቴሪያ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ1994 ካንሰር አምጪ ብሎ መድቦታል፤ ባክቴሪያውንና ከጨጓራ ቁስል ጋር ያለውን ግንኙነት ያገኙት ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን እ.ኤ.አ. በ2005 የኖቤል ሽልማት ወስደዋል። ምርመራው ላይ ሦስት ነገሮች ያሳስታሉ። የትንፋሽና የዓይነ ምድር ምርመራ ከመደረጉ በፊት ኦሜፕራዞልና መሰሎቹ 2 ሳምንት፣ አንቲባዮቲክ 4 ሳምንት ካልቆሙ ባክቴሪያው እያለ «የለም» ሊል ይችላል። የደም ምርመራው ከዳኑ በኋላም ለረጅም ጊዜ «አለ» ማለቱን ስለሚቀጥል መዳንን አያሳይም። ሕክምናው ካለቀ ከ4 ሳምንት በኋላ ደግሞ መጥፋቱን የሚያረጋግጥ ሰው ጥቂት ነው፤ መረጋገጥ ግን አለበት።

በኢንዶስኮፒ የጨጓራ ቁስል ከተገኘ ከቁስሉ ጠርዝ ብዙ ናሙና መወሰድ አለበት፤ አንድ ቁራጭ አይበቃም። ናሙናው ንጹሕ ቢሆንም ከ8 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ተመልሶ መዳኑን ማየት የተለመደ ጥንቃቄ ነው። በትንሹ አንጀት መጀመሪያ ላይ ያለ ቁስል ካንሰር የሚሆነው እጅግ አልፎ አልፎ ነው፤ ስለዚህ ሪፖርቱ ላይ ቁስሉ የት እንዳለ ማንበብ ዋጋ አለው።

ምግብ ሲያንቅ

ለዚህ ምልክት የማባበያ ስም መስጠት ባይቻል እመርጥ ነበር። የምግብ ቱቦው እስከ 20 ሚሊሜትርና ከዚያ በላይ ይለጠጣል፤ ጠጣር ምግብ በግልጽ መያዝ የሚጀምረው ወደ 13 ሚሊሜትር ሲጠብ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ደረቅ ዳቦና ሥጋ ይይዛል፣ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ለስላሳ ምግብ፣ በመጨረሻ ፈሳሽ። ይህ ቅደም ተከተል የዕጢ ጠባይ ነው። ከመጀመሪያው ጠጣሩም ፈሳሹም እኩል ካስቸገረ ይበልጥ የሚጠረጠረው የቱቦው የእንቅስቃሴ ችግር ነው፤ እሱም ቢሆን ይመረመራል።

ሰው ሳያውቀው ይላመዳል። ጉርሻውን ያሳንሳል፣ ረጅም ያኝካል፣ በየጉርሻው ውኃ ይጠጣል፣ ሥጋ «አልወደውም» ይላል፣ ከማዕድ የሚነሣው የመጨረሻ ይሆናል። ይህን ቀድሞ የሚያየው አብሮ የሚበላ ሰው ነው። ምግቡ የተያዘበት የሚመስለው ቦታም አያሳስት፤ አንገቱን እየነካ «እዚህ ነው» የሚል ሰው ችግሩ ደረቱ መጨረሻ ላይ ሊሆን ይችላል። ትንባሆ፣ አልኮልና ከ65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ትኩስ የሆነ መጠጥ የምግብ ቱቦ ካንሰርን ዕድል ይጨምራሉ። ለዓመታት ወደ ላይ የሚመለስ ቃር ያለበት፣ በተለይ ከ50 ዓመት በላይ የሆነና የሚያጨስ ወይም ከመጠን በላይ የወፈረ ወንድ፣ መዋጥ ባይከብደውም ቱቦውን አንድ ጊዜ በኢንዶስኮፒ ማየት ተገቢ ነው።

ቢጫ ዓይንና አዲስ ስኳር

ቆሽት ከጨጓራ ጀርባ የተጋደመ፣ 15 ሴንቲሜትር ያህል የሚረዝም አካል ነው። የሐሞት ቧንቧ በቆሽቱ ራስ፣ ማለትም በሰፊው ጫፉ በኩል ያልፋል። ስለዚህ በቆሽት ራስ ላይ ያለ ዕጢ ገና ትንሽ እያለ ቧንቧውን ሲዘጋ ይታወቃል፤ በመሃሉና በጭራው ያለ ዕጢ ግን ድምፅ ሳያሰማ ያድጋል። ቧንቧው ሲዘጋ መጀመሪያ ሽንት ይጠቁራል፣ ዓይነ ምድር ይነጣል፣ ቆዳ ያሳክካል፣ ከዚያ ዓይን ቢጫ ይሆናል። የዓይን ነጩ ክፍል ቢጫ መሆኑ የሚለየው ቢሊሩቢን የተባለው የሐሞት ቢጫ ቀለም በደም ውስጥ ከ2.5 እስከ 3 ሚሊግራም በዴሲሊትር ሲደርስ ነው፤ መደበኛው ከ1.2 አይበልጥም። ሽንት ቀድሞ ይናገራል። ዓይን ሲታይ በቀን ብርሃን፣ የታችኛውን ሽፋን ወደ ታች ጎትቶ ነው፤ በጥቁር ሰዎች ዓይን ጥግ ላይ ያለው ቡናማ ቀለም የተፈጥሮ ስለሆነ አያስደነግጥ። ሕመም የሌለው ቢጫነት ሕመም ካለው ይበልጥ ያሳስባል፤ ከ40 ዓመት በላይ በሆነ ሰው ላይ ሲታይ በቀናት ውስጥ አልትራሳውንድ፣ ቀጥሎም ሲቲ ስካን ይፈልጋል።

ከ50 ዓመት በኋላ አዲስ የወጣ የስኳር በሽታም አንዳንዴ የቆሽት ድምፅ ነው። ስኳር አዲስ ከያዛቸው በዚህ ዕድሜ ካሉ ሰዎች በሚቀጥሉት 3 ዓመታት የቆሽት ካንሰር የሚገኝባቸው ከ100 ሰው 1 ያህል ናቸውና ሁሉም ይደንግጥ አልልም። የሚለየው ክብደቱ ነው፦ የዚህ ዕድሜ ስኳር ብዙ ጊዜ ከውፍረት ጋር ይመጣል፤ ስኳሩ ሲወጣ ሰውየው ሳያስብ እየከሳ ከሆነ፣ በቤተሰቡም ስኳር ከሌለ፣ ሲቲ ስካን መጠየቅ ተገቢ ነው። ጀርባ ድረስ የሚዘልቅ፣ በጀርባ ሲተኙ የሚብስ፣ ወደ ፊት ጎንበስ ሲሉ የሚቀል ሕመም፤ ቅባት ያለበት፣ የሚንሳፈፍ፣ ውኃ የማያወርደው ዓይነ ምድርም ወደ ቆሽት ያመለክታሉ።

ስለ ጉበት ብዙ መጻፍ አያስፈልግም፤ ቀድሞ ምልክት አይሰጥም። ሲርሆሲስ ያለበት፣ ማለትም ጉበቱ በጠባሳ የጠወለገ ሰው፣ ሐኪሙ ተጋላጭ ያለው የሄፓታይተስ ቢ ታካሚም፣ ምልክት ሳይጠብቅ በየ6 ወሩ አልትራሳውንድ ያደርጋል። ሄፓታይተስ ቢ ጉበቱ ሳይጠወልግም ካንሰር ሊያመጣ ይችላል።

ምርመራው ውስጥ ምን ይበላሻል

ሐኪም ዘንድ ሲሄዱ «ሆዴን ያመኛል» አይበቃም። መቼ ጀመረ፣ ቀድሞ እንዴት ነበር፣ አሁን በቀን ስንት ጊዜ፣ ክብደት ከስንት ወደ ስንት፣ የሚወስዱት መድኃኒት፣ በቤተሰብ ማን በስንት ዓመቱ ምን ካንሰር እንደያዘው ተጽፎ ይሂድ። ሳይፈልጉት ከ6 እስከ 12 ወር ውስጥ ከክብደት 5 በመቶ መቀነስ መመርመር ያለበት ነው፤ ለ70 ኪሎ ሰው 3.5 ኪሎ ማለት ነው። ሚዛን ከሌለ ቀበቶው ስንት ቀዳዳ ወደ ውስጥ እንደገባ ይናገራል።

በዓይነ ምድር ውስጥ የተደበቀ ደም የሚፈልገው ኤፍ አይ ቲ የተባለው ምርመራ የሰው ደም ብቻ ስለሚለይ ምግብ መከልከል አያስፈልገውም። ናሙናው የመጸዳጃ ውኃ ሳይነካው ከተለያየ ቦታ ይጫራል። ደም አለ ካለ ቀጣዩ ኮሎኖስኮፒ፣ ማለትም ትልቁን አንጀት በካሜራ ማየት ነው። ምርመራውን እንደገና አሠርቶ «የለም» ሲል መደሰት የተለመደ ስሕተት ነው፤ ዕጢ በየቀኑ አያደማም፤ ሁለተኛው ውጤት የመጀመሪያውን አይሽረውም። ሲ ኢ ኤ እና ሲ ኤ 19-9 የተባሉት የደም ምርመራዎች ካንሰር ያለበትን ለመከታተል እንጂ ጤነኛን ለመፈተሽ አይሆኑም፤ ሲ ኢ ኤ በማጨስ ብቻ ከፍ ይላል፣ ሲ ኤ 19-9 ደግሞ ሐሞት ሲታገድ ይጨምራል፣ ከ100 ሰው ከ5 እስከ 10 የሚሆኑት ከናካቴው አያመርቱትም።

የኮሎኖስኮፒ ጥራት የሚወሰነው ከምርመራው በፊት በነበረው ሌሊት ነው። የአይረን ክኒን 5 እስከ 7 ቀን ቀደም ብሎ ይቆማል፤ ዓይነ ምድሩን አጥቁሮ ግድግዳው ላይ ስለሚለጠፍ። ፍሬና ገለባ ያለበት ምግብ 1 እስከ 3 ቀን ይተዋል። የማጽጃው መድኃኒት ግማሹ ማታ፣ ግማሹ ምርመራው ከ4 እስከ 6 ሰዓት ሲቀረው ይጠጣል፤ ሁሉን ማታ ጨርሶ የተኛ ሰው ቀኝ አንጀቱ ጠዋት እንደገና በዝልግልግ ይሸፈናል፣ ጠፍጣፋ ፖሊፕም እዚያ ይደበቃል። የመጨረሻው የሚወጣው እንደ ሽንት ጠርቶ ቢጫ መሆን አለበት። ደም የሚያቀጥንና የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው አስቀድሞ ይናገር፤ በራሱ አያቁም።

ሪፖርቱ ሲደርስ መሣሪያው የትልቁ አንጀት መጀመሪያ ድረስ መድረሱን፣ አንጀቱ በበቂ መጽዳቱን፣ የወጣው ፖሊፕ ወደ ላቦራቶሪ መላኩንና ቀጣዩ ምርመራ መቼ እንደሆነ ይጠይቁ። ወላጅ፣ ወንድም፣ እኅት ወይም ልጅ የትልቁ አንጀት ካንሰር ካለበት ምርመራው በ40 ዓመት፣ ወይም ዘመዱ ከታመመበት ዕድሜ 10 ዓመት ቀደም ብሎ፣ ከሁለቱ በቀደመው ይጀመራል። ደም ማስመለስ፣ ጥቁር ዓይነ ምድር ከራስ ማዞር ጋር፣ ሆድ ተነፍቶ ጋዝ እንኳ አለመውጣት፣ ቢጫነት ከትኩሳትና ከብርድ መንቀጥቀጥ ጋር ቀጠሮ አይጠብቁም፤ በዚያው ቀን ድንገተኛ ክፍል መድረስ ያስፈልጋል።